ነጋዴውና ሸማ ሠሪው በአንድ ሰሌዳ ላይ

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት የግቢዬን በር አንኳኳች። አንገቷ ላይ መታወቂያ አንጠልጥላለች፣ በእጇ ታብሌት ይዛለች። ግቢ ብላት እቸኩላለሁ አለችና እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች በቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። ጨዋ ልጅ ናት፤ ጣቷም ፈጣን ነው። የጣድኩት ሻይ ሳይፈላ ጨርሳ አመሰገነችኝና ወደ ጎረቤት አለፈች።

እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት ይህንኑ እየጠየቅሁ ነው። የሰው በር አንኳኩቼ፣ የሰው ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ የሰውን ኑሮ ወረቀት ላይ አስፍሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ልጅቷ ስትሄድ ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ መኩሪያ ትዝ አሉኝ። "በር ላይ የጠየቅሽው በር ላይ ይመለስልሻል" ይሉኝ ነበር። ከእሳቸው ጋር ኮልፌ የሠራሁትን የመጀመሪያ ሥራዬን ለማንም በወጉ አጫውቼ አላውቅም። አሁን ጊዜው አለኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ ነበር። ማብቂያ መሆኑን ግን ያን ጊዜ ማናችንም አናውቅም። የጽሕፈት መኪና ትምህርት ጨርሼ ሥራ ስፈልግ አንድ የከተማ ኑሮ የሚያጠና ትንሽ ቢሮ ሴት ጠያቂ ይፈልጋል ተባለ። ባል ሥራ በሚውልበት ቤት ወንድ ጠያቂ ገብቶ ሚስትን ማነጋገር ስለማይሆንለት ነው። ታይፒስት ልሆን ሄጄ ጠያቂ ሆኜ ተመለስኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአንድ ጥሩ ጫማ ይበቃ ነበር፤ ጫማው ግን የኮልፌን ጭቃ አንድ ክረምት እንኳ አልቻለውም።

የቢሮው ኃላፊ ዶክተር ኃይሉ ይባላሉ። ከለንደን ተምረው የመጡ ቀጭን፣ ዘወትር ሙሉ ልብስ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። አማርኛ ሲያጥራቸው ቃሉን ፍለጋ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩና በራሳቸው ይስቃሉ። በመጀመሪያው ቀን ሰብስበውን ሥራው ከየት እንደመጣ አጫወቱን።

ለንደን ተማሪ ሳሉ የተከራዩት ክፍል የአንድ ጃማይካዊ ቤት ውስጥ ነበር። ሰውየው አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ይስማል። ነገር ግን እዚያ አገር በገባ ጊዜ ቤት ሊከራይ በሄደበት ሁሉ መልኩን ሲያዩ በሩን ይዘጉበት ነበር። አጠገቡ ደግሞ ከቆጵሮስ የመጣ ቱርክ ልብስ ሰፊ ይኖራል። ይሄኛው እንግሊዝኛው አይሆንለትም፣ ሃይማኖቱም ሌላ ነው። ግን የአጎቱ ልጅ ስፌት ቤት ስለነበረው በመጣ ማግስት ስፌት መኪና ላይ ተቀመጠ፤ ጥቂት ቆይቶም የራሱን ቤት ከፈተ። ታዲያ የትኬት ቆራጩ ሴት ልጅ ነርስነት ስትማር፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ትምህርቱን ትቶ አባቱን ያግዝ ነበር። ዶክተር ኃይሉ በነዚህ ሁለት በሮች መካከል ሲወጡ ሲገቡ አንድ ነገር ይከነክናቸው ጀመር። ባዶ እጃቸውን አንድ ከተማ የገቡ ሁለት ሰዎች ለምን የተለያየ ቦታ ይደርሳሉ? ከሁለቱስ የቀደመው የትኛው ነው?

አገራቸው ሲመለሱ ያው ጥያቄ ኮልፌ ጠበቃቸው። እዚያ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ሸማ ሠሪዎች አሉ። ከእነሱ አጥር ለአጥር ደግሞ ከስልጤ አገር የመጡ ነጋዴዎች ይኖራሉ። በዚያው ሰሞን ገበያው ዳር አዲስ የሱቅ መደዳ ሊሠራ ነበርና፣ ሱቆቹን የሚያድሉት የማዘጋጃ ቤት ሰዎች የሰፈሩን ኑሮ የሚያሳይ ጽሑፍ ከእኛ ቢሮ ጠየቁ። ስለዚህ ነገሩ ለዶክተሩ የዕውቀት ጥማት ቢሆንም ለሰፈሩ ሰው የሱቅ ጉዳይ ነበር።

ሥራውን በመስከረም ጀመርን። ሸማ ሠሪዎቹ መንደር ስንገባ ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል። ዶክተሩ ሰዎቹ እኛን ሸሽተው እንደሆነ ጠረጠሩ። ጋሽ መኩሪያ ሳቁ። መስቀል ደርሷል፤ ሰዉ አገሩ ገብቷል። እሺ ብለን ወደ ነጋዴዎቹ ዞርን። ቆይቶ ደግሞ አረፋ ሲደርስ የነጋዴዎቹም ቤት እንዲሁ ባዶ ሆነ። "የሰው ቤቱ የት እንደሆነ ለማወቅ በዓል ሲደርስ የት እንደሚሄድ ማየት ነው" አሉኝ ጋሽ መኩሪያ። ከዚያ በኋላ በሠራሁበት አገር ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው የበዓሉን ቀን ነው።

ስለ ጋሽ መኩሪያ ረዘም አድርጌ ብናገር አይፈረድብኝም። ከእኛ ቢሮ በፊት የወባ መድኃኒት ረጪ ነበሩ። መድኃኒቱን ረጭተው በየበሩ ላይ ቁጥር ሲጽፉ ባለቤቶቹ እንዴት እንደሚያዩዋቸው አልረሱም። ቤቱ ላይ የሚጽፍበትን እንግዳ ማንም አይወድም ይላሉ። ስለዚህ ግቢ ሲገቡ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪስ ይከታሉ። ወንበር ሲሰጧቸው እምቢ ብለው ዱካ ይጠይቃሉ፤ ከባለቤቱ ከፍ ብለው ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም። ቆሎም ይሁን ሽንብራ የቀረበላቸውን ይቀምሳሉ። ሰው እየተናገረ ጨርሶ አይጽፉም። እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ያዳምጡና ስንወጣ ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው የሰሙትን ሁሉ ያሰፍራሉ። እስኪርብቶ አይነኩም። ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ወረቀቱም አብሮት ይለወጥ ይላሉ።

ከሁሉ ይልቅ የወረስኩት አጠያየቃቸውን ነው። መጠይቁ የሚጀምረው በገቢ ነበር። እሳቸው ግን ገቢን የመጨረሻ አደረጉት። ሰላምታውና የጤናው ነገር ካለቀ በኋላ መጠይቁ ላይ የሌለ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። "አዲስ አበባ የገቡ ዕለት ማን ቤት አደሩ?" ይህን ሲሰማ ፊቱ ያልተፈታ ሰው አላየሁም። አንዱ የአጎቱን ስም ይጠራል፣ ሌላው የሞተ ጓደኛውን ያስታውሳል፣ አንዳንዱም የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይላል። ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ እየመራ ይወስደናል።

አቶ አንጁሎን ያገኘናቸው እንዲህ ስንዞር ነው። የሸማ ሠሪዎቹ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው አንድ ክፍል ሆኖ ግማሹን የያዘው የሸማ መሥሪያው ነው። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደው፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያሳለፉ ያወሩናል። ድሩ ሲበጠስ ወሬውንም ያቋርጣሉ፤ ሲቀጥሉት ካቆሙበት ቃል ይጀምራሉ። ባለቤታቸው እትዬ አማረች ይፈትላሉ። ልጆቹ ማጉን ቀሰም ላይ ያጠነጥናሉ፤ ታላቋ ሴት ልጅ ብቻ ትምህርት ቤት ትውላለች። እትዬ አማረች ከሁለተኛው ጉብኝት ጀምሮ ወደዱኝ። ጫማዬን አይተው አዘኑልኝና ጭቃው የማይዘልቅበትን መንገድ አሳዩኝ።

አቶ አንጁሎ መንገድ ዳር ቤት ተከራይተው ሸማቸውን ራሳቸው ለመሸጥ ሞክረው ያውቃሉ። አከራዩ ከእሳቸው ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ ሰው ነበር። ሙያቸውን ሲሰማ ሸማኔ አላስገባም አላቸው። ያንኑ ዓመት ለጥምቀት የለበሰው ጋቢ እሳቸው የሠሩት ነበር። ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። ያጫወቱን እንደ ቀልድ ነው፤ ግን ከእኛ ማንም አልሳቀም።

አቶ ሸምሱ ደግሞ ገበያው አፍ ላይ ሱቅ አላቸው። ክር፣ ቁልፍ፣ መስታወት፣ ላምባ ይሸጣሉ። ያን ጊዜ ከተማው እሳቸውንም የአገራቸውንም ሰዎች በደፈናው ጉራጌ ነበር የሚለው፤ ራሳቸው ግን ስልጤ ነኝ ይላሉ። ጋሽ መኩሪያ ያችን ጥያቄያቸውን ሲጠይቋቸው አቶ ሸምሱ በእጃቸው ወደ ሸማ ሠሪዎቹ መንደር አመለከቱ።

"አንጁሎ ቤት" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጣት ሆነው በእግራቸው ከተማ ሲገቡ፣ ዘመዴ ብለው የመጡበት ሰው ለአረፋ አገር ገብቶ ቤቱ ዝግ ሆኖ ጠበቃቸው። ዝናብ ነበር። አቶ አንጁሎም ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። አጥር ሥር ተጠግቶ የሚንቀጠቀጥ ልጅ አይተው አስገቡት፤ ሸማ መሥሪያው አጠገብ ጭድ አንጥፈው፣ ያላለቀ ጋቢ ቆርጠው አለበሱት። ዘመድየው እስኪመለስ አቶ ሸምሱ እዚያ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ዘመዳቸው ዕቃ ሰጥቷቸው ሱቅ በደረቴ ሆኑ፤ ሳጥኑን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከመርካቶ እስከ ኮልፌ ይዞሩ ጀመር።

"ሙያ ያለው እሱ ነው" አሉን አቶ ሸምሱ። "እኔ እጄ ምንም አያውቅም ነበር። ግን እኔን የራሴ ሰዎች ዕቃ አሸከሙኝ። እሱን ማን አሸከመው? የእሱ ሰዎች ሁሉ እንደ እሱ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው።"

ይህን ለዶክተር ኃይሉ ነገርናቸው። በጣም ደስ አላቸው፤ የለንደኑን ልብስ ሰፊ አስታወሳቸው። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ወሬ ስለሆነ ከብዙ ቤት የተሰበሰበውን ሊተካ አይችልም አሉ። እውነታቸውን ነው። ሥራችን ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ቀን ልምጣ። ግንቦት ላይ የብዙው ቤት ጥያቄ አለቀ፤ ከሸማ ሠሪዎቹ በኩል ግን ገና የቀሩ ቤቶች ነበሩ። ዶክተር ኃይሉ እስካሁን የተገኘውን ለሱቅ አዳዮቹ ከመስጠታቸው በፊት ለሰፈሩ ሰው ላስረዳ አሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ የሚያስብ የቢሮ ሰው ብርቅ ነው፤ ያጠኑትን ሰው ተመልሶ ማነጋገር ማንም አልለመደም። ጋሽ መኩሪያ ሐሳቡን ወደዱት። ሁለቱን ወገን ለየብቻ እናነጋግር ብለው ግን ለመኑ። ዶክተሩ ለየብቻ ካነጋገርን የደበቅነው ያለ ይመስላል አሉ። ሁለቱም ለሰዉ አስበው ነው የተከራከሩት፤ ኃላፊው ዶክተሩ ስለሆኑ የእሳቸው ሐሳብ ጸና።

እሑድ ከቀትር በኋላ በዕድሩ ድንኳን ተሰበሰብን። ዶክተሩ ጥቁር ሰሌዳ አስመጥተው መሐሉን በጠመኔ ከፈሉት። በአንድ ወገን ነጋዴ፣ በሌላው ወገን ሸማ ሠሪ ብለው ጻፉ። ከዚያ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የራስ ቤት እያሉ ወደታች ወረዱ። በእያንዳንዱ መስመር የበለጠው ወገን ላይ ምልክት አደረጉ። ምልክቱ ሁሉ በነጋዴው ወገን ተደረደረ። ዶክተሩ ጀርባቸውን ለሰዉ ሰጥተው ስለሚጽፉ የሰዉን ፊት አላዩም። እኔ አይቻለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ አማረች ነጠላቸውን ቀስ እያደረጉ እስከ ዓይናቸው ሳቡት።

አቶ አንጁሎ ተነሡ። በጨዋ ደንብ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዶክተሩ እስኪዞሩ ጠበቁ።

"ጌታዬ፣ ጠይቃችሁን መለስን" አሉ። "ቤታችን ገብታችሁ ዱካ ሰጠናችሁ። ዛሬ ከጎረቤቶቻችን ጋር ሚዛን ላይ አወጣችሁን። ሚዛን ለእህል ነው።"

ከዚያ ወጡ። ሸማ ሠሪዎቹ በሙሉ ተከትለዋቸው ወጡ። ዶክተሩ ጠመኔውን እንደያዙ ቀሩ። ነጋዴዎቹ ከቦታቸው አልተነሡም። አቶ ሸምሱ ምልክቱ የተደረደረበትን የነጋዴውን ወገን አንዴ አዩና ተነሥተው እሳቸውም ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሸማ ሠሪዎቹ በር ተዘጋብን። አልሰደቡንም፣ አላባረሩንም። እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ሰላምታችንን በር ላይ ይመልሱና ሥራ አለብን ይላሉ። እትዬ አማረች እንኳ ጉንጬን ስመው ግቢ ሳይሉኝ ይቀራሉ። ከዚህ የባሰው ሰሌዳው ላይ የታየው ነገር ሰፈር ውስጥ መዞሩ ነው። ገበያ ላይ አንድ ሰው የአቶ አንጁሎን ታላቅ ልጅ ኋላ ቀሮች ብሎ እንደሰደባት ሰማን። ልጅቷ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ሰነበተች። ስንፈልግ የኖርነው ሰዎቹ ምን እንዳቆማቸው ነበር፤ አሁን ከሚያቆማቸው ነገር አንዱ እኛ ሆንን።

ሱቅ አዳዮቹም ጽሑፉን አምጡ እያሉ ይወተውቱ ጀመር። የሸማ ሠሪዎቹ ወገን ጎዶሎ ነው። እንዲሁ ቢሰጥ መደዳው በሙሉ ለሚነግድ ሰው ይሂድ እንደሚሉ ግልጽ ነበር። ዶክተር ኃይሉ ምሳቸውን ከእኛ ጋር መብላት ተዉ። ክፍላቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ወረቀት ላስፈርም ስገባ መስኮቱን እያዩ ነበር፤ ሳይዞሩ፣ በለንደን ቤት ኪራይ ማስታወቂያ ላይ ጥቁር አንቀበልም የሚል አንብቤ አውቃለሁ አሉኝ።

ጋሽ መኩሪያ ማንንም አልወቀሱም። እንዲህ ብዬ ነበር የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እየሄዱ አቶ አንጁሎ አጥር አጠገብ ካለች ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ጀመር። ወረቀት አይዙም፣ እርሳሱም ከጆሯቸው ላይ የለም። የሚያልፈውን ሰው ሰላም ይላሉ፣ ከቤት ውስጥ የሚመጣውን የመወርወሪያ ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ሲመሽ ይነሣሉ። እኔም አንዳንዴ አብሬያቸው እሄድ ነበር። ምን እየጠበቅን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። "ምንም" አሉኝ። "በደሉን ስንሠራ ፈጠንን። ይቅርታው ላይ ብንዘገይ ምን አለበት?"

ክረምቱ ገባ። ነፋሱ ሲዞር የቆሻሻ መጣያው የቆሼ ሽታ ይመጣል፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ጋሪ እንኳ ይይዛል። ጋሽ መኩሪያ ግን ከድንጋያቸው አልቀሩም። አንድ ቀን ዶፍ ጣለ። እትዬ አማረች ከበሩ ብቅ ብለው አዩንና ወደ ውስጥ ዞረው ለባላቸው በራሳቸው ቋንቋ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ቁጣ ይመስላል። ከዚያ ወጥተው ግቡ አሉን።

ገብተን ተቀመጥን። ጋሽ መኩሪያ አልጠየቁም። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ድር ተወራ፣ በበሶ አስተናገዱን። ስንወጣ አቶ አንጁሎ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ያ ዶክተር ለምን አይመጣም ብለው ጠየቁ።

በማግስቱ ዶክተር ኃይሉን ይዘን ሄድን። ሙሉ ልብሳቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። ገና ከበሩ ሳይገቡ ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ፤ አማርኛው እየጠፋባቸው ጣሪያውን ያዩ ነበር። አቶ አንጁሎ በእጃቸው ዱካውን አሳዩዋቸው። ዶክተሩ ተቀመጡ። አቶ አንጁሎ ተራው የእሳቸው እንደሆነ ሁሉ ይጠይቋቸው ገቡ። እዚያ የፈረንጅ አገር ምን እየሠሩ እንደተማሩ፣ ማን ቤት እንደኖሩ፣ ሰዉ እንዴት እንዳያቸው ጠየቁ። ዶክተሩ ሁሉንም መለሱ። ምግብ ቤት ሳህን አጥበዋል። ክፍል ፍለጋ ብዙ በር ተዘግቶባቸዋል። በመጨረሻ ያ ትኬት ቆራጭ አስገባቸው፤ ታመው በተኙ ጊዜም ሚስቱ ሾርባ እየሠራች አስታማቸዋለች። ይህን እኛም ሰምተን አናውቅም ነበር።

አቶ አንጁሎ መወርወሪያውን አቆሙ።

"ያን ሰውዬ ሰሌዳ ላይ አወጡት?"

"አላወጣሁትም።"

"ስለምን?"

ዶክተር ኃይሉ "ጓደኛዬ ስለሆነ" አሉ።

አቶ አንጁሎ አጎንብሰው ሸማውን በእጃቸው ዳበሱ። ከዚያ ዶክተሩ አጠገብ ወዳለው ቅርጫት አመልክተው አንድ ቀሰም ያቀብሉኝ አሉ። ዶክተሩ መርጠው አቀበሏቸው። አቶ አንጁሎ መወርወሪያው ውስጥ ከተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ወደ እኔ ዞር ብለውም የቀረውን ነገ መጥተሽ ጠይቂ አሉኝ።

በማግስቱ እትዬ አማረች በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የቀሩትን ቤቶች አብረውኝ ዞሩ። በየቤቱ ከእኔ በፊት እሳቸው ገብተው ይናገራሉ፤ እኔ ስገባ ዱካው ወጥቶ ይጠብቀኛል። ልጃቸውም በአዲሱ ዓመት ትምህርት ቤት ተመለሰች።

ዶክተር ኃይሉ ጽሑፉን ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና ጻፉት፤ ጋሽ መኩሪያና እኔ አጠገባቸው ተቀምጠን ነበር። ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን ማቆሙን አልተዉትም፤ የሚጀምሩበትን ቦታ ግን ለወጡ። ማን ተቀበላቸው፣ ማን ዕቃ አስያዛቸው፣ ማን በር ዘጋባቸው ብለው ጀመሩ። ነጋዴው ከተማ ሲገባ የሚጠብቀው ሱቅ ነበር፤ ሸማ ሠሪውን የሚጠብቀው ሌላ ሸማ ሠሪ ነው፤ ሸማውን መንገድ ላይ አውጥቶ የሚሸጥበት ደጃፍ ግን ሁሉም ከለከሉት። የነጋዴውን ልፋትም አላሳነሱም። ሳጥን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የዞረው ሰው በዘመድ ብቻ አልቆመም። ሱቅ አዳዮቹ ታዲያ ከሁለቱ የሚሻለው የትኛው ነው ብለው እንደጠየቋቸው አጫውተውናል። እሳቸውም ለሸማ ሠሪዎቹ መንገድ ዳር ደጃፍ ስጧቸውና ያን ጊዜ ጠይቁኝ ብለው መለሱ።

ደጃፉ የተሰጠው በከፊል ነው። ከመደዳው ብዙውን የወሰዱት ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ፣ ሰው ያላቸው ሰዎች ናቸው። ነጋዴዎቹ ጥቂት አገኙ፤ ሸማ ሠሪዎቹ ከእነሱም ያነሰ። አቶ አንጁሎ ግን መጨረሻው ላይ ያለችውን ጠባብ ሱቅ አገኙ። መደርደሪያውን ያቆሙላቸው አቶ ሸምሱ ናቸው። ጥበቡ ያማረው ፊት ለፊት ይሰቀል፣ ጋቢው ታጥፎ ይቀመጥ፣ ደንበኛ ሲመጣ ከወንበር ተነሥ እያሉ ቀኑን ሙሉ ሲያዝዟቸው ዋሉ።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ቢሮው ተዘጋ፤ ዶክተር ኃይሉ ወደ ውጭ ሄዱ፣ ሰላምታቸው በሰው በሰው ይደርሰን ነበር። እኔ ሌላ መሥሪያ ቤት ተመድቤ ጅማ ሠራሁ፣ ደብረ ብርሃን ሠራሁ፣ ብዙ አለቃ አየሁ። ደጉም ክፉውም አለፈ። ጋሽ መኩሪያ ዕድሜ ጠግበው አረፉ። የአቶ አንጁሎ ልጅ አስተማሪ ሆናለች፤ በፈቃዷ ከእኔ በፊት ጡረታ ወጥታ ትስቅብኝ ነበር። ሌላ ቦታ የሠራሁት ሁሉ አንድ ላይ ተቀላቅሎብኛል። የኮልፌው ግን አልተቀላቀለም፤ በተለይ ሱቁ የተከፈተበት ቀን።

ቅዳሜ ነበር፣ ፀሐዩ ይከራል። ጋሽ መኩሪያና እኔ እትዬ አማረች ባወጡልን ዱካ ላይ ተቀምጠናል። አቶ ሸምሱ የራሳቸውን ሱቅ ለሰው ሰጥተው እዚያው ቆመዋል። ዶክተር ኃይሉ በሙሉ ልብሳቸው መጡና የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ አሉ። አንድ ጋቢ መረጡ፣ ዋጋውን ጠየቁ። አቶ አንጁሎ ነገሯቸው። ዶክተሩ ለብዙ ዓመታት ፈረንጅ አገር የኖሩ ሰው ቢሆኑም ገበያ ያውቃሉና ትንሽ ይቀንሱልኝ እንጂ አሉ።

አቶ አንጁሎ ጋቢውን አጥፈው ዘረጉላቸው።

"እንግዳ ቢሆኑ ኖሮ እቀንስልዎ ነበር" አሉ።

አቶ ሸምሱ ሳቃቸውን ለመያዝ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። ዶክተር ኃይሉ የተባሉትን ከፈሉ። ጋቢውንም እዚያው ዘርግተው በሙሉ ልብሱ ላይ ደረቡና መንገዱን ተሻግረው ፌርማታው ላይ ቆሙ። አውቶቡሱ ዘገየ። በዚያ በሚከረው ፀሐይ ላባቸው ሲወርድ ከእኛ ዘንድ ይታይ ነበር፤ ጋቢውን ግን አላወለቁትም።